ያልታመሙትን ማን ጠየቃቸው?

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ የማስተምረውም እዚሁ ነው። ሳይንሳዊ ዘዴ የሚባለውን ምዕራፍ በጠመኔ ስንቴ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ በማግስቱ ይረሱታል። እኔም ከእነሱ አልሻልም ነበር። ይህን ያወቅኩት በ2011 ክረምት ነው። ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰው ታሞ ተኝቷል፤ እኔ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ የአንድ ሰው ስም አጠፋለሁ።

ታሪኩን ሳወራው አሁንም ያሳፍረኛል። ግን ድሬን ወረርሽኝ ደጋግሞ ይጎበኛታል። እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይገባ ልጻፈው።

መጀመሪያ የወደቀችው እማዬ ናት። ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ጠዋት ቡና ልታፈላ ተቀምጣ ጀበናውን ማንሳት አቃታት። «ጣቶቼ እሺ አላሉኝም» አለች። ከሰዓት ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ ወገቧን ማቅናት አልቻለችም፤ ግድግዳ ይዛ፣ ጎብጣ ነው የሄደችው። ሕመሟ ቺኩንጉንያ ነበር፤ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ እንደሆነና መጎበጥን እንደሚያመለክት ያወቅኩት በኋላ ነው። በሽታው መጀመሪያ የተለየው በ1952 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ ነው። የዚያን ዕለት ማታ እማዬን ያየ ሰው ግን ስሙ እንዲተረጎምለት አያስፈልገውም ነበር።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ተከተለ። በሳምንቱ ልጄ። እኔ ብቻ ቀረሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ መድኃኒት ላይ ነው። ድሬ ውስጥ ትኩሳት ሲባል አፋችን ላይ የሚቀድመው ወባ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ካለፈው ዓመት የተረፈ የወባ መድኃኒት ነበረኝ። ሳላስመረምር ለእማዬ ሰጠኋት። መገጣጠሚያዋን ሲያስጮሃት ደግሞ ዳይክሎፌናክ ገዝቼ ጨመርኩላት። ትንሽ ቀለል ሲላት «አየሽ፣ ወባ ነው» አልኳት። ልብ በሉ፤ ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሰጥቼ ነው «ያዳናት ይሄኛው ነው» ያልኩት። ሁለቱንም ባልሰጣት ኖሮስ? ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ይወርድ ነበር፤ ቺኩንጉንያ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው።

ጥፋቱ ግን የአስተሳሰብ ብቻ አልነበረም። ደንጌ የሚባለው በሽታ በ2006 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደንጌና ቺኩንጉንያ ይመሳሰላሉ፤ የሚያስተላልፋቸውም አንድ ዓይነት ትንኝ ነው። ደንጌ ቢሆን ኖሮ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መስጠት የመድማትን አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ እባካችሁ፣ በእንዲህ ያለ ወቅት ሰው በትኩሳት ሲወድቅባችሁ አስመርምሩት። ደንጌ አለመሆኑ እስኪለይ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ፈሳሽ በደንብ ይጠጣ። ሌላም ነገር አለ፤ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፉት። ላብራቶሪው የሚፈልገው እንደ ቀኑ ይለያያል። በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ የሚፈለገው ቫይረሱ ራሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውነታችን ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል። ቀኑን የማያውቅ በሽተኛ ሐኪሙን በጨለማ ያስገባዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋት ልምጣ።

ሰፈራችን ውስጥ ቧንቧ ሲጠፋ ውሃ የሚያመጣልን የቦቴ ባለቤት ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሽርጥ ለባሽ፣ ተጫዋች ሰው ናቸው። እማዬ ከመታመሟ ጥቂት ቀናት በፊት ውሃ አራግፈውልን ነበር። ውሃው ትንሽ ደፍረስ ያለ መሰለኝ። ወይም በኋላ ነው የመሰለኝ፤ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ነገሩ ገጠመ። ውሃ ተራገፈ፣ ሰው ታመመ።

አስተማሪ አይደለሁ? «በማስረጃ ነው የምናገረው» ብዬ ደብተር ያዝኩ። በሽተኛ ያለበትን ቤት ሁሉ አንኳኳሁ። «የቦቴውን ውሃ ትጠጣላችሁ?» አስራ አንድ ቤት ጠየቅኩ። አስራ አንዱም «አዎ» አሉ። አስራ አንድ ከአስራ አንድ! የእድር ስብሰባ ላይ ቆሜ ደብተሩን ገልጬ አነበብኩ። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ሰማኝ። ቲቸር ተናግራ! በሁለተኛው ቀን ሰውየው ቦቴያቸውን ይዘው ሲመጡ ወጣቶች መንገድ ላይ አስቁመው መለሷቸው። ከዚያ በኋላ በእኛ በኩል አላለፉም።

ከሳምንት በኋላ አንድ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ቤታችን መጣ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ቅጹን ሲሞላ እኔ ደብተሬን አቀበልኩት። በኩራት። አገላብጦ አየው።

«ያልታመሙትስ?» አለኝ።

«እነሱማ ደህና ናቸው። ምን ብዬ እጠይቃቸዋለሁ?»

«እነሱ ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?»

ዝም አልኩ።

«እህቴ፣ እርስዎስ ታመዋል?»

«አልታመምኩም።»

«ውሃውን ጠጥተዋል?»

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል የለኝም። ከሦስቱ ጋር አንድ ቤት፣ አንድ ማሰሮ፣ አንድ ኩባያ። ራሴን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እሱ ግን ነገሩን እንደ ድል አልቆጠረውም። «የእርስዎ ደህና መሆን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ተይዘው ምልክት ሳያሳዩ ቀርተው ሊሆን ይችላል። እንቁጠር» አለኝ።

ከመቁጠራችን በፊት ያስቆመኝ ነገር ነበር። በሽተኛ የምንለው ማንን ነው? የእኔ ደብተር ውስጥ በርጫ ውሎ ራሱን ያመመው ጎረቤት አለ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም አለ። «ታሟል?» ስል «አዎ» ያለኝን ሁሉ ነው የጻፍኩት። እሱ ግን መስፈርት ነበረው፤ በድንገት የጀመረ ከፍተኛ ትኩሳትና በሌላ ምክንያት ያልመጣ ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም። ሁለቱም መኖር አለባቸው። በዚህ ወንፊት ሳበጥረው ከአስራ አንዱ ቤት ሁለቱ ወደቁ። የትኛውንም ወረርሽኝ ለመረዳት ስትሞክሩ ከዚህ ጀምሩ። ጤፉንና እንክርዳዱን አንድ ላይ ሰፍሮ ስንት ኪሎ ጤፍ አለኝ ማለት አይቻልም።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ጭምር ዞርን። ወረቀቱን በመስቀል ለአራት ከፈለው። ላይ በግራ ጠጥተው የታመሙ፣ በቀኝ ጠጥተው ያልታመሙ። ታች በግራ ሳይጠጡ የታመሙ፣ በቀኝ ሳይጠጡ ያልታመሙ። የእኔ አስራ አንድ ከአራቱ ሳጥን አንዷን ብቻ ነበር የሞላችው። ሦስቱን ባዶ ትቼ ነው ሰው የወነጀልኩት። ስንሞላቸው ጠጥተው ያልታመሙ ብዙ ቤቶች ተገኙ። የቦቴ ውሃ ቀምሰው የማያውቁ፣ የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸው ቤቶችም ውስጥ በሽተኛ አለ።

የሚገርመው ይህንን ታሪክ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው የብሮድ ስትሪትን የውሃ ፓምፕ ጠረጠረ። እኔ ክፍል ውስጥ የምነግራቸው በሽተኞቹን ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ማስቀመጡን ነው። ስኖው ግን ያልታመሙትንም ፈልጓል። እዚያው አጠገብ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ለምን ተረፉ? ቢራ ስለሚጠጡና የራሳቸው ጉድጓድ ስለነበራቸው ነው። ራቅ ያለ ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴትስ ለምን ሞተች? የፓምፑን ውሃ ጣዕሙን ወድዳው እያስመጣች ትጠጣ ስለነበር። መላምቱን ያጠናከሩለት ከካርታው ያፈነገጡት ሰዎች ናቸው። ይህን ክፍል እኔ ዘልዬው ነበር። ፈተና ላይ አይመጣማ!

ወጣቱ ሌላም ነገር አሳየኝ። በካሬ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ሕመሙ በጀመረበት ቀን ላይ አንድ ካሬ አጠቆረ። «ውሃው ተመርዞ ቢሆን፣ የተራገፈው በአንድ ቀን ስለሆነ፣ ካሬዎቹ እዚህ ጋ ተቆልለው ቶሎ ይወርዱ ነበር» አለኝ። የእኛ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለት፣ ሦስት፣ ደግሞ አምስት፤ ሳምንት አልፎም ይወጣል። ከቤት ወደ ቤት የሚሻገር ነገር ነው። ትንኝ በሽተኛውን ነክሳ ቫይረሱ በሆዷ ለመብሰል ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ የተነከሰው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ነው የሚታመመው።

ከመሄዱ በፊት «በርሜል አለዎት?» አለኝ። ጓሮ ወሰድኩት። የስልኩን መብራት አበራ። ለዓመታት ውሃ የቀዳሁበት በርሜል ነው። ብርሃኑ ሲያርፍበት ውሃው ተንቀጠቀጠ። ክር የሚያህሉ ጥቋቁር ነገሮች እየተጠማዘዙ ወደ ታች ሰመጡ። ዝም ብለን ጠበቅን። አንድ በአንድ ተመልሰው ወጡና ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ በጅራታቸው ጫፍ ባለች ቱቦ ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠለጠሉ። ቺኩንጉንያንም ደንጌንም የምታስተላልፈው የኤደስ ትንኝ እጮች ናቸው። ኤደስ የምትነክሰው በአብዛኛው ቀን ነው። እኛ አጎበር የምንዘረጋው ለማታ ነው፤ እማዬ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ክፍት ተኝታ ለትንኞቹ ድግስ ሆናለች። ታማሚ ካላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ለእሱ ሳይሆን ለሌላው ስትሉ።

እዚህ ላይ ነገሩ ይጠመዝዛል። ደብተሬ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። የቦቴ ውሃ የሚገዛ ቤት በርሜል ይሞላል፤ በርሜል የሞላ ቤት ክዳን ከሌለው ትንኝ ያረባል። ስለዚህ ቦቴውና በሽታው አብረው መታየታቸው እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት ግን አይደለም። መሐላቸው ክፍት በርሜል አለ። ይባስ ብሎ፣ ሰውየውን ካባረርናቸው በኋላ ሰፈሩ ውሃ አጥቶ ባገኘው ዕቃ ሁሉ ያጠራቅም ጀመር። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ። በእኔ ማስረጃ የተነሳ የትንኙ ቤት በዛ። የደም ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቺኩንጉንያ መሆኑ ተረጋግጧል። በዚያ ክረምት ከተማችን ውስጥ የታመመው ሰው በአስር ሺዎች ይቆጠራል። እማዬ እስከ ጥምቀት ድረስ ጠዋት ጠዋት ጣቷን በሞቀ ውሃ እየነከረች ነው ጀበና ያነሳችው።

ይቅርታ ልጠይቅ አልሄድኩም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቀረሁ።

በ2014 በጋ ደግሞ ወባ መጣ። በበጋ! ሰው አላመነም። ወባ እኛ የምናውቀው ክረምቱ ወጥቶ ኩሬዎቹ ሲቀሩ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓመቱን ሙሉ ከተማዋ ውስጥ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 205 ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት አምስት ወራት ብቻ 2,425 ሆነ። በዚያ ጊዜ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሲፈለግ ከሥራ ውጪ ባለኝ ሰዓት ተመዘገብኩ። የ2011 ዕዳዬን የምከፍል መስሎኝ ነው። አዳዲስ ስህተቶች ጨመርኩበት እንጂ።

አንደኛው የአጠያየቅ ነው። «አጎበር ውስጥ ነው የምትተኙት፣ አይደል?» እላለሁ። «አዎ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ማን ለቲቸር አይ ይላል? አንዲት አሮጊት ግን ሳቁብኝና ጓዳ ወስደው አጎበሩን አሳዩኝ። ከነፕላስቲኩ ታሽጎ ተቀምጧል። «ለልጄ ሠርግ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን ማን አደረ? ከእነሱ ውስጥ አጎበር ውስጥ የተኛው ማነው?» ሰው ስለ ልማዱ ስትጠይቁት መሆን የሚፈልገውን ይነግራችኋል። ስለ ትናንት ስትጠይቁት የሆነውን።

ሁለተኛው የሰዓት ነው። በጠዋት ወጥቼ ፀሐዩ ሳይበረታ እመለሳለሁ። ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ውሻም አይንቀሳቀስ። ሳምንት ሠርቼ ቅጾቼን ስመለከት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። «ወባው ሴቶችን ነው የሚያጠቃው ማለት ነው?» አልኩ ለአስተባባሪው። «አይ፣ አንቺ የምትሄጂው ወንዶቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ማታና እሑድ መሄድ ስጀምር ወንዶቹ ተገኙ። ላለማየት የመረጥነውን ሰዓት የበሽታው ጠባይ አድርገን እንወስደዋለን።

ሦስተኛው ግን የአገራችን ልዩ ስጦታ ነው፤ የዘመን አቆጣጠር። ቅጹ በፈረንጅ ነው፣ ሰዉ የሚናገረው በሐበሻ። አንዲት እናት «ጥር 12 ነው ያመመኝ፣ የሚካኤል ቀን» አለችኝ። እኔ «ጃንዋሪ 12» ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ነበር። ስምንት ቀን! ወባ ተነክሰው እስኪታመሙ ሁለት ሳምንት ገደማ በሚፈጅ በሽታ ላይ ስምንት ቀን ማሳሳት ማን ከማን ቀደመ የሚለውን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ስህተቴ የታወቀው በኋላ ነው፤ ስንት ቅጽ ተመልሶ መታየት እንዳለበት ስታስቡ እንቅልፍ ይጠፋል። በዚህ ሥራ ላይ የምትሰማሩ ልጆች ካላችሁ ሰውየው የተናገረውን እንደተናገረው ጻፉ። በዓል ከጠራላችሁ በዓሉን ጻፉ። ወደ ፈረንጅ መለወጡ ማታ፣ በጸጥታ፣ ሁለት ሰው ተያይቶ ይሠራ።

የድሬውን የወባ ወረርሽኝ በተመለከተ በ2023 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከመሪዎቹ አንዱ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሚሠሩት ዶክተር ፍጹም ታደሰ ናቸው። ሳነበው መጀመሪያ የፈለግኩት ያንን ባለ አራት ሳጥን ወረቀት ነው። አለ። ወባ የተገኘባቸውን ሰዎች ብቻ አልያዙም። ትኩሳት ይዟቸው ለሕክምና መጥተው ወባ ያልተገኘባቸውንም ለንጽጽር ያዙ። ለምን ጤነኛ ሰው ከመንገድ አልያዙም? ሁለቱም ወገን ታሞ ሕክምና የሚመጣ፣ ተመሳሳይ ሰው እንዲሆን ነው። ከዚያ የሁለቱንም ቤትና ጎረቤት መረመሩ። የወባ በሽተኛ ባለበት ዙሪያ ተጨማሪ የተያዙ ሰዎች ተገኙ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝም በብዛት የተገኘችው እዚያው ነው። የወባው ተውሳክ ትንኟ ውስጥ ተገኘ። የተውሳኮቹ ዘረመል ሲታይ ደግሞ እርስ በርስ የተቀራረበ ነው፤ ከአንድ ምንጭ እንደተባዛ። አንዱ ማስረጃ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። የእኔ አስራ አንድ ግን አንድ እግር ብቻ ነበራት።

ይህች ትንኝ የእስያ እንግዳ ናት። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ውስጥ ነው፤ እኛ አገር በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ዝናብ አትጠብቅም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ይበቃታል። በበጋ ወባ የመጣው ለዚህ ነው። ሌላም ልብ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ከተውሳኮቹ ውስጥ ፈጣን መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ ነበሩ። መመርመሪያው «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ነጻ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ ተመልሳችሁ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ። እቤት ተኝታችሁ «ነጻ ተብያለሁ» አትበሉ።

ያንን ሰሞን ተማሪዎቼን ይዤ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሦስት በርሜል አስቀመጥን። ሦስቱም እጭ የነበረባቸው ናቸው። አንዱን ደፍተን ግድግዳውን በብሩሽ ፈገፈግነው። ሁለተኛውን ደፍተን ብቻ ሞላነው። ሦስተኛውን ፈግፍገን አፉን በጨርቅ አጥብቀን አሰርነው። ከሳምንት በኋላ በሻይ ማጥለያ እየቀዳን ነጭ ሳህን ላይ ቆጠርን። የተደፋው ብቻ ተመልሶ ሞልቷል። የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ደርቆ ወራት ሊቆይና ውሃ ሲነካው ሊፈለፈል ይችላል። በአንዱ ሳህን ላይ የተለየች እጭም አገኘን፤ አልተንጠለጠለችም፣ በውሃው ገጽ ላይ ትይዩ ሆና ተጋድማለች። እንዲህ የምትጋደመው የወባዋ ትንኝ አኖፌለስ ናት። ልጆቹ እየተጋፉ አዩዋት።

እኔ «አያችሁ? መፈግፈግና መሸፈን ነው መፍትሔው» ልል አፌን ስከፍት ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የተሸፈነው ግራሩ ሥር ነው። ሁለቱ ፀሐይ ላይ ናቸው። ጥላው ቢሆንስ?» ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እንደገና፣ ሦስቱንም ጥላ ሥር አድርገን ጀመርን። ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ፤ ግን ሦስት በርሜል ሦስት በርሜል ነው፣ ለከተማው አልናገርበትም። በዚያው ክፍለ ጊዜ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ነገርኳቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያሸጋግሩት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። «እንዶድ ገደላቸው» ብለው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ከላይ በኩል በሕይወት ያሉትን አምጥተው በዕቃ ውስጥ አድርገው አረፋው ሲገባባቸው ምን እንደሚሆኑ አዩ። ሞቱ። የዓመታት ጥናት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ የቦቴውን ባለቤት ልጠይቅ ሄድኩ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ቤታቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የተናገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ደብተሩን፣ እድሩን፣ በርሜሉን። «ጋሼ፣ በእርስዎ ውሃ አልነበረም፤ በደልኩዎት» አልኩ።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «የኔን ቦቴ ውስጡን አይተሽዋል?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

አፌ ደረቀ። ያን ጊዜ ሳላይ ወነጀልኳቸው፤ አሁን ሳላይ ነጻ ማውጣቴ ነው። ተነሡ። መሰላሉን ይዘውልኝ ቦቴው ላይ ወጣሁ። ክዳኑን ከፍቼ በስልኬ አበራሁ። ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ነው፤ ውሃው ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። በማጥለያ ደጋግሜ ቀዳሁ፤ ሳህኑ ንጹህ ነው።

ስወርድ ዓይኔ ግቢያቸው ጥግ ላይ አረፈ። የተጣሉ የቦቴ ጎማዎች ተደራርበዋል፤ በውስጣቸው ውሃ አቁረዋል። ጎንበስ ብዬ አበራሁ። ተንቀጠቀጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ ጎማ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?» አልኳቸው።

«ከዚያ ክረምት በፊት» አሉና ወደ ቤት ገብተው ትልቅ ቢላዋ ይዘው ወጡ። ጎማው በቢላዋ በቀላሉ አይቀደድም። ገልብጠን፣ አድርቀን፣ በቆርቆሮ ከድነን ስንጨርስ መሽቷል። ሁለታችንም እግራችን ላይ ተነክሰን እናክ ነበር።